ከጠረጴዛው ሥር ያለው ሣጥን

ቅዳሜ ጥዋት፣ ጥቅምት 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

ብዕሩን የያዘችው እህትህ ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። መሀል ላይ የሚጣፍጥ ነገር ካገኘህ እሷ የጨመረችው ነው። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው። እህትህ እየሳቀች ነው፤ አንተ ግን እኔን እመን።

ነገሬ ስለ ኮምፒውተርህ ነው። ትተኸው ስትሄድ የነበረው፣ ሲበራ የሚታየው ፊቱ አልተስማማኝም። መስኮት በመስኮት ላይ ይከፈታል፤ በር የሚባል ነገር የለውም። የምትልክልኝን የወንበር ንድፍ ማየት በፈለግኩ ቁጥር እህትህን መለማመጥ ሆነብኝ። ፊደል ባልቆጥርም ንድፍ በማንበብ የሚበልጠኝ ገና አልተወለደም። ስለዚህ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ያንን ባለ መነጽር ልጅ አስጠራሁት።

«አባባ፣ ሆዱን አንነካም፤ ፊቱን ብቻ ነው የምንቀይረው» ብሎ በዲስኬት ሁለት ፊት አመጣ። አንደኛው ከላይ እስከ ታች የጽሑፍ ዝርዝር ነው። እህትህ «ይሄ ፈጣን ነው፣ ይሄ ይሁን» አለች። ለሷማ! ሁለተኛው የክፍል ሥዕል ነው፤ ጠረጴዛ፣ መሳቢያ፣ መደርደሪያ አለው። መሳቢያውን ስትነካው ይከፈታል። ወዲያው ወደድኩት፤ ግን እንደ ባለሙያ መመርመር ነበረብኝ።

«የጠረጴዛው አራተኛ እግር የታለ?» አልኩት።

«ከኋላ ነው አባባ፣ አይታይም።»

«እኔ የማይታይ እግር ሠርቼ ለደንበኛ አስረክቤ አላውቅም።»

«ሥዕል ነው እኮ፣ ማንም አይደገፈውም!»

«ሰነፍ አናጢ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ቢሆንም መረጥኩት። እህትህ ሁለት ቀን አኮረፈች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መሳቢያዬን የምከፍተው ራሴ ነኝ፤ ማንንም አልለምንም።

አሁን የሆነውን ስማ። በሥዕሉ ላይ ከጠረጴዛው ሥር ሣጥን አለ። እኛ ሥራ ቦታ ከጠረጴዛ ሥር ያለው ሣጥን ምን እንደሚቀመጥበት ታውቃለህ፤ ምርጥ ምርጡ ቁራጭ እንጨት ነው። ያለ ፈቃዴ የሚነካው የለም። አንተም በልጅነትህ ነክተህ ቀምሰሃታል። እናም ሰባቱንም ንድፎችህን በማውስ እየጎተትኩ እዚያ ከተትኳቸው። ከዚያ የተሻለ ቦታ የለኝማ!

ረቡዕ ባለ መነጽሩ ኮምፒውተሩን ሊያይ መጣ። እኔ ሳንቃ እየላግኩ ነበር። ዞር ብል ሣጥኑ ባዶ ነው።

«ምን አደረግከው?»

«ቆሻሻ ሞልቶት ነበር አባባ፤ ደፋሁት።»

«የማንን ቆሻሻ?!»

መላጊያው እጄ ላይ እንዳለ ትዝ ያለኝ እሱ ደጅ ከደረሰ በኋላ ነው። ከውጭ ሆኖ «የቆሻሻ መጣያ ነው እኮ!» ይለኛል። ቁራጭ የሚጥል አናጢ ምን ዓይነት አናጢ ነው? ንድፎቹን የላክህባቸው ዲስኬቶችስ እንዳትል፤ እህትህ አጥፍታ የደንበኛ ትእዛዝ ጽፋባቸዋለች። ይህን አልጽፍም ብላ ነበር፤ ጻፊ አልኳት።

በማግስቱ ባለ መነጽሩ ከበሩ ሳያልፍ «የድሮውን ፊት ልመልስልዎት?» አለኝ። እምቢ አልኩ። ጥፋቱ የእጅ እንጂ የፊት አይደለም። ከእንግዲህ ንድፍ የሚገባው መሳቢያ ውስጥ ነው።

ስድስቱን ወንበሮች ሠርቼ ሸጬያቸዋለሁ፤ አያሳስቡኝም። የሰባተኛውን ንድፍ ግን ሦስት ቀን ብቻ ነበር ያየሁት። ምን ላድርግ፣ ከራሴ አውጥቼ ሠራሁት። ጀርባው ዘንበል ያለ፣ መቀመጫው ከፍ ያለ፤ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ሰው ሳይደግፈው የሚነሣበት ዓይነት። የትኛውን ሽማግሌ አስበህ እንደሣልከው አልገባኝም። ቢሆንም ጥሩ ወንበር ነው፤ አሁንም ተቀምጬበታለሁ። የክንድ ማረፊያው ቁመት ብቻ ጠፋኝ፤ ሳልገጥመው ትቼዋለሁ። ልኩን ጽፈህ ብትልክ ደግሞ አላምነውም፤ አናጢ በገዛ እጁ ነው የሚለካው። ሜትርህ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው።

እጅህ አይዛል። የያዝከው መሣሪያ አይክዳህ። የቆምክበት ወለል አይናጋብህ።

አባትህ፣ አናጢው

በይ፣ አሁን አንብቢልኝ።

ቆዪ ቆዪ! «አባባን በጣም ናፍቀኸዋል» የሚለው ከየት መጣ? እኔ አልወጣኝም። ሰርዢው።

ተይው፣ ተይው። በዚህ ቤት ቁራጭ አይጣልም።