ለእህቴ ቤት የተከለከለው ጭስ

ለተከበሩ የማሊንባ ከተማ ከንቲባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለአዲሱ መናፈሻዎ ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። እኔ በየበዓላችሁ መድረክ ላይ ወጥቼ «ወደ ምድራችን እንኳን ደህና መጣችሁ» የምላችሁ የዚህ ምድር ነባር ሕዝብ አሮጊት ቬርና ነኝ። ከባሕር ማዶ ከመጣችሁ ሁለት መቶ ዓመት ቢያልፋችሁም «እንኳን ደህና መጣችሁ» ማለቴን አላቆምኩም፤ ሞኝነቴ ከዚህ ይታወቅልኝ።

አንደኛ፦ በመጋቢት መናፈሻውን ስትመርቁ የባሕር ዛፍ ቅጠል አጭሼላችሁ ነበር። እርስዎ ዓይንዎን ጨፍነው ጭሱን በእጅዎ ወደ ደረትዎ ሲስቡ የተነሳው ፎቶ ዛሬም ቢሮዎ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ከጎንዎ ቆሜ የምኮፈሰው እኔ ነኝ።

ሁለተኛ፦ ከአምስት ሳምንት በፊት ታላቅ እህቴ አረፈች። በእኛ ወግ የሟች ቤት በቅጠል ጭስ ካልታጠነ ሟች አይሸኝም፣ ቤተሰቡም ተመልሶ አይገባበትም። ያንኑ ቅጠል በእህቴ ግቢ እንዳቀጣጠልኩ ደንብ አስከባሪያችሁ ክሬግ ከች አለ።

«ያኛው እኮ ሥነ ሥርዓት ነበር፣ አክስቴ፤ ይሄ እሳት ነው» አለኝ፤ አክስቴ የሚለኝ ለአክብሮት ነው።

እኔም የሕዝቤ ሽማግሌ ተብዬ፣ እሳቱን እንዲያጠፋበት የውሃ ባልዲ አቀበልኩት። እስካሁን ያንገበግበኛል። ለዚህ ትብብሬ የምስጋና ወረቀት ቢጤ ጠብቄ ነበር፤ ምናልባት ፖስታ ቤት ዘግይቶ ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ከነልጆቿ በእኔ ሳሎን ወለል ላይ ታድራለች፤ ከእናቷ ጋር ትኖርበት የነበረው ቤት ግን ከእኔ ሁለት በር ወዲያ ነው። መቼ እንደምትገባ ስትጠይቀኝ፣ ከንቲባው ሲፈቅዱ እላታለሁ።

ሦስተኛ፦ ቤቱን ለማጠን ያስገባሁት የፈቃድ ማመልከቻ «የሟች ስም» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው ተብሎ ተመለሰልኝ። እኛ ዘንድ ሐዘኑ እስኪያልፍ የሟች ስም አይጠራም። ይህንን በምረቃው ዕለት በማይክሮፎን ሳስረዳ እርስዎ በአክብሮት ራስዎን ሲነቀንቁ አይቼ፣ የገባዎት መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ከረምኩ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቴን በወጉ ልሸኛት።

በገዛ ምድሯ ፈቃድ ጠባቂ፣ ከማክበር ብዛት ወገቧ የጎበጠው፣
ቬርና ዊልሞት

ማስታወሻ፦ የፊታችን ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት አዲሱ አዳራሻችሁ ሲመረቅ እንዳጨስላችሁ የላካችሁት ፈቃድ ደርሶኛል። ፊርማዎም ማኅተምዎም አለበት፤ «ቦታ» የሚለው ሳጥን ግን ባዶ ነበር። ባዶ መስሎ የታየን ቦታ በራስ ስም መሙላት ከአባቶቻችሁ የተማርኩት ነውና የእህቴን ቤት አድራሻ ጽፌበታለሁ። ዓርብ ይምጡ፤ እንደ ልማዴ እንኳን ደህና መጡ እልዎታለሁ። ክሬግም ይምጣ፤ ባልዲውን ግን አላቀብለውም።