ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ስለሚረሳው ትእዛዝ

ለክቡር አይቪንድ ሼልብሬድ
የስቫርትዳል ወረዳ የኮምፒውተር አገልግሎት ኃላፊ
ኖርዌይ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ለፋሲካ ወደ ተራራው ጎጆዎ ሊወጡ የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎን ሰም እየቀቡ መሆንዎን ሰምቼ፣ በረዶው እንዲመችዎ፣ በፋሲካ በረዶው ላይ ተቀምጠው የሚበሉት ብርቱካንዎም እንዲጣፍጥ ከልብ እመኛለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ኃላፊውም የጽዳት ሠራተኛውም በስሙ ብቻ እንደሚጠራ አላጣሁትም፤ «ክቡር» ያልኩዎት ስለፈራሁ ነው።

፩. የወረዳው ነርሶች ጠዋት ለየትኛው በሽተኛ ምን እንደሚሰጡ የሚነግራቸው ትልቁ ኮምፒውተራችን ነው። ማታ ዝርዝራቸውን ሲያወጣ ሥራው መሀል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት እንዲቀጥል ባለፈው ጥቅምት አዘዝነው፤ እሺ አለ። እሺታው ግን ማሽኑ እስኪጠፋ ብቻ ነው። ሲነሣ የሚያነበው የማስነሻ ፋይሉን ሲሆን፣ እዚያ ዛሬም ያለው «ከመጀመሪያው ድገም» የሚለው የድሮ ቅንብር ነው። ፋይሉን ለማረም የእርስዎ ፈቃድ ያስፈልጋል። በአክብሮት እየጠበቅን በረዶው ሊቀልጥ ነው።

፪. በጥር መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ሲነሣ እንደ ፋይሉ ቃል ከመጀመሪያው ደገመ፤ የነርሶቹም ትእዛዝ ሁለት ሆኖ ወጣ። የስኳር ሕመምተኛው ወንድሜ ሃልቮር ኢንሱሊኑን ተወግቶ ሳያበቃ ሌላ ነርስ በሩን አንኳኳች። «ኧረ ቅድም ተወግቻለሁ እኮ!» ቢላት፣ ስክሪኗ ገና አልተወጋም ስለሚላት፣ «ጋሼ ሃልቮር፣ መርፌ ፈርተው ነው አይደል? ልጆችም እንዲህ ነው የሚሉኝ» አለችው። እሱም ልጅ ላለመባል ክንዱን ሰጣት። ራሱን ስቶ ወለል ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

፫. ይህን ባመለከትሁ ጊዜ «አስላውግ፣ ተረጋጊ እንጂ! አሁን እኮ በትክክል እየሠራ ነው» ብለው ስላጽናኑኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልክ ነዎት፣ እየሠራ ነው፤ ከጥር ወዲህ ፋይሉን ሳንነካ እንደገና በቃል አዝዘነዋልና። የሚያስፈራኝ ለጸሎተ ሐሙስ ማታ ያዘዙት ነገር ነው፦ የነርሶቹ ዝርዝር እየወጣ ሳለ ማሽኑ ይጥፋና ይነሣ፤ ሰው ሁሉ ጎጆው ስለሚሆን ማንም አይረበሽም። በእርግጥም አስተዋይ ምርጫ ነው። በሽተኞች ግን ጎጆ አይወጡም።

የምለምንዎ የአንዲት መስመር እርማት ፈቃድ ነው፤ በቃል ያዘዝነውና በፋይል የተጻፈው አንድ ይሁን። ከዚያ በኋላ ማሽኑን እንደ ልብዎ ያስነሡት።

በሰጡት የመረጋጋት ምክር እንቅልፍ ያጣች፣ የሐሙስ ማታ የማሽን ተረኛዎ፣

አስላውግ ብራተታይግ

ማስታወሻ፦ ፋይሉ ሳይታረም ሐሙስ ከደረሰ ተረኛነቴን ትቼ ወንድሜ ደጃፍ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሁለተኛዋን ነርስ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋልና። በሌሎቹ በሽተኞች ደጃፍ የሚቀመጡትን ሰዎች እርስዎ ይመድቡልን። ጎጆዎ ስልክ እንደማይሠራ ስለነገሩን፣ ሳይሄዱ ቢሆን ይመረጣል።