ላይ ቤቱ ይቅርብኝ፣ እትዬ

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ታላቅ እህቴ ይድረስ።

እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን አሁንም ይጠዘጥዝዎታል? የባለቤትዎ የጋሼስ ሳል ለቀቃቸው ወይስ አሁንም ጎረቤት በሳላቸው ነው ሰዓት የሚያውቀው? ልጅዎስ፣ ልጆቿስ፣ ያ የማይጮኸው ውሻችሁስ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን ውሸት ይሆንብኛል። የጎደለብኝን እርስዎም ያውቁታል። ብቻ ጠዋት እነሳለሁ፣ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ ወጥቼ እገባለሁ። ይህም የእርሱ ቸርነት ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በቁሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። በጓሮው ክፍል ላይ የኮንክሪት ሶሌታ ሞልታችሁ ላይ ቤት ልትሠሩ እንደሆነ፣ እሱም ለእኔ እንደሆነ አነበብኩ። «ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከኪራይ ቤት ግድግዳ ጋር ምን ያወራል? ይምጣና ከእኛ ጋር ይኑር» ብለው መስኮቱ በየት በኩል እንደሚወጣ ሳይቀር ጽፈውልኛል። አለቀስኩ አልልም፤ መነጽሬን ግን ጠረግኩ። እናታችን ከሞተች ጀምሮ ሲያሳድጉኝ ኖረው፣ ሽበት ካወጣሁ በኋላም ማሳደግዎን አልተዉም።

አሁን የምጽፈው ግን ከብዶኛል። ላይ ቤቱን አይሥሩት ልልዎት ነው። እንዲህ ስል «ላለመምጣት ፈልጎ ነው» ብለው እንዳያዝኑብኝ ስለፈራሁ ወረቀት ጀምሬ ቀድጃለሁ። እስቲ ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎት፤ እስከ መጨረሻው ሳያነቡ አይቆጡኝ።

ሥራዬን ያውቁታል፤ ቤት መመዝገብ ነው። ታብሌት ይዤ ሰፈር ለሰፈር እዞራለሁ። ግድግዳው ድንጋይ ነው ወይስ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው ወይስ ሶሌታ፣ ስንጥቅ አለው ወይስ የለውም እያልኩ እሞላለሁ። ግድግዳ በጣቴ እያንኳኳሁ ስለማዳምጥ ቢሮ ውስጥ ስሜ «አባ ግድግዳ» ሆኗል። በቀደም አንዲት የቤት እመቤት ግድግዳዋን ሳንኳኳ አየችኝና «በሩ እኮ እዚህ ነው፣ አባቴ» ብላ እንደ ዓይነ ስውር እጄን ይዛ አስገባችኝ። እኔም እንዳላሳፍራት ዝም ብዬ ተመራሁ። የሰበሰብኩትን መሐንዲሶቹ የመሬት መንቀጥቀጥ አደጋን በሚያሰላ ሶፍትዌር ውስጥ ይከቱታል። መሬት ቢናወጥ የትኛው ሰፈር ምን ያህል እንደሚናወጥ፣ የትኛው ቤት ችሎ እንደሚቆም፣ የትኛው እንደማይችል በካርታ ላይ በቀለም ያሳያል።

ባለፈው ወር ለዚህ ሶፍትዌር አዲስ እትም ወጣለት። ቢሮው ሙሽራ እንደገባበት ቤት ሆነ፤ ሁሉም ሊያየው ይጋፋል። ድሮ ስሌቱን አስጀምረውት ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር፤ አሁን ሻይ ሳይበርድ ይጨርሳል። ሻይ የምታፈላልን ሴት «እንግዲህ ተቀምጣችሁ የምትጠጡበት ሰበብ አለቀ» ብላ አሾፈችባቸው። ለእኔ የገባኝ ዋናው ማሻሻያ ግን የአፈሩ ነገር ነው። የፊተኛው እትም ለአንድ ሰፈር ሁሉ አንድ ዓይነት መሬት ይሰጥ ነበር። አዲሱ ግን ከእያንዳንዱ ቤት ሥር ያለውን አፈር ለየብቻ ያያል። አለት ላይ ያለ ቤትና ሙሌት አፈር ላይ ያለ ቤት ጎን ለጎን ቢሆኑም እኩል አይናወጡም። ዳቦና ሾርባ በአንድ ትሪ ይዘው ሲሄዱ እግርዎን ቢያደናቅፍዎት የትኛው እንደሚደፋ ያውቁታል አይደል? እንደዚያ ነው።

ሌላው ማሻሻያ፣ ሶፍትዌሩ አለማወቁን መናገሩ ነው። ድሮ አንድ ቁጥር ወርውሮ ዝም ይል ነበር። አሁን «ከዚህ እስከዚህ ሊሆን ይችላል» ይልና መረጃው በሳሳበት ቦታ ካርታው ላይ ግራጫ ጥላ ይጥልበታል። እርስዎ አንድ ጊዜ «የእግዜርን ሥራ በማሽን ይቆጥራሉ እንዴ?» ብለውኝ ነበር። ብዙ አሰብኩበት። ዝናቡን የሚያዘንበው እርሱ ነው፤ ጣሪያችን እንደሚያፈስ ማየት ግን የእኛ ፋንታ ነው። ማሽኑ ቀኑን አያውቅም፤ አላውቅም ይላል። ይህን ያህል ትሕትና እኔም በኖረኝ።

እዚህ ላይ የጋሼን ነገር ላንሳ። እዚያ በቀበሌያችሁ ስብሰባ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ካርታ ተዘርግቶ «የመመለሻ ዘመን አራት መቶ ሰባ አምስት ዓመት» ተብሎ ሲነበብ፣ ጋሼ «የፊተኛው መንቀጥቀጥ የመጣው በአያቴ ጊዜ ነው፤ እስኪመለስ የእኛ አጥንትም አይገኝ፣ በሉ ግንበኛውን ጥሩልኝ» እንዳሉ ጽፈውልኛል። ጋሼ ሞኝ አይደሉም፤ ቃሉ ነው ያሞኛቸው። መመለሻ ሲባል ቀጠሮ የማይመስለው ማን አለ? እርስዎም በየደብዳቤው «መመለሻህ መቼ ነው?» ሲሉኝ ቀን ቁረጥ ማለትዎ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ግን ቀን አይቆርጥም። ይህን ለቢሯችን ኢንጂነር ባጫውታት አልሳቀችም። የተማረውም ሁሉ በዚህ ቃል እንደሚሳሳት፣ ለዚህም ብለው በአዲሱ እትም ካርታው ላይ ቃሉን አውጥተው «በአንድ ቤት ዕድሜ፣ በሃምሳ ዓመት ውስጥ፣ ከአሥር አንድ ዕድል» ብለው እንዲጻፍ እንዳደረጉ ነገረችኝ። ለጋሼ እንዲህ ብለው ያስረዱልኝ። ከረጢት ውስጥ ዘጠኝ ነጭ ጠጠርና አንድ ጥቁር ጠጠር አለ እንበል። በየሃምሳ ዓመቱ ከተማው እጁን ከትቶ አንድ ያወጣል። በአያታቸው ዘመን ጥቁሩ ወጣ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፤ ተመልሶ ከረጢቱ ውስጥ ገብቷል።

ወደ ቤታችን ልምጣ። አዲሱ እትም ሲሞከር ኢንጂነሯ ለልምምድ እያንዳንዳችን የምናውቀውን አንድ ቤት እንድናስገባ አዘዘችን። የቢሮው ሹፌር የአማቱን ቤት አስገባና ቀይ እስኪወጣ ሲጠብቅ አረንጓዴ ወጣ። «እሷን እኮ መሬትም አይደፍራት» አለና ቀኑን ሙሉ አሳቀን። እኔ የእኛን አስገባሁ። የፊተኛውን ክፍል፣ አባታችን አለቱን ጠርቦ በላዩ ያቆመውን፤ ከዚያ የጓሮውን። የጓሮው ክፍል ያለበት ቦታ ልጆች ሳለን የጎርፍ መሄጃ እንደነበር ያስታውሳሉ፤ አባታችን ነው ፍርስራሽና አፈር እየደፋ የሞላው። ይህንኑ ሞላሁ። በላዩ ላይ ደግሞ በደብዳቤዎ እንዳሉት ሶሌታውን፣ የብሎኬት ግድግዳውን፣ ላይ ቤቱን ጫንኩበት።

የፊተኛው ክፍል ቢጫ ሆነ። የጓሮው ፍም መሰለ። ከሥሩ የሚተኙት ልጅዎና ሕፃናቱ ናቸው፤ ከላይ እኔ። እኔን ሊያስተኙ በሚሠሩት ቤት ሕፃናቱ ላይ ልወድቅባቸው ነው ማለት ነው።

እትዬ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ለሌላ ሰው አልነግርም። ቀዩን ሳይ መደንገጥ ሲገባኝ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው። ወዲያው ገባኝና አፈርኩ። ለካ ሰበብ አግኝቼ ነው። «መሬቱ አይፈቅድም፣ መምጣቴ ይቅር» ብዬ ልጽፍልዎት አፌ ላይ ነበር። ባለቤቴ የተቀበረችው እዚህ ነው። እሁድ እሁድ ሄጄ ሣሩን እነቅላለሁ፣ ድንጋዩን አብሳለሁ። እሷን ጥዬ ወደ ሞቀ ቤት መሄድ ክህደት ይመስለኛል። እውነቱ ይህ ነው፤ አፈሩ ላይ ላላክክ ነበር።

ኢንጂነሯ ግን የደነገጥኩ መስሏት አጠገቤ መጣች። ለካ አዲሱ እትም በቤቱ ላይ የሆነ ነገር ሲለውጡ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ጎን ለጎን ያሳያል። «ላይኛውን ጭነት ያውርዱትና እስቲ እንየው» አለችኝ። ሶሌታውን አነሳሁ፣ ቆርቆሮውን መለስኩ። ቀጥሎ ግንበኞች ቶፕ ታይ ቢም የሚሉትን፣ ፌሮ ብረት ያለበትን፣ ግድግዳውን ከላይ እንደ መቀነት ዙሪያውን የሚያስረውን አስገባሁ። ፍሙ ጠፋና እሱም ቢጫ ሆነ። ሰበቤም አብሮ ጠፋ።

እሷ ግን አልጨረሰችም። ወደ ቅጹ ግርጌ አየችና «ማታ በቤቱ የሚያድሩት ስድስት ሰዎች ብለው ሞልተዋል፣ ልክ ነው?» አለችኝ። ልክ ነው አልኩ። ቀጥላ «እርስዎን ጨምሮ ነው?» አለች።

በጣቴ ቆጠርኩ። እርስዎ፣ ጋሼ፣ ልጅዎ፣ ሁለቱ ሕፃናት። አምስት ናችሁ። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ስሞላው አስቤበት አልነበረም፤ እጄ ነው የሞላው። አፌ አልመጣም ለማለት ሰበብ ሲፈልግ እጄ ገብቶ ተኝቷል። «አጥፍቼ ላስተካክለው?» ብትለኝ ተይው አልኳት።

ስለዚህ ልለምንዎት። ሶሌታው ይቅር። ሲሚንቶው ተገዝቶ ከሆነ ለቢሙ ይሁን። ግንበኛው፣ ያ «አንድ እፍኝ» የምትሉት ስስታም፣ በእፍኝ ሳይሆን በባልዲ ያቡካ። ልጅዎና ሕፃናቱ ቢሙ እስኪታሰር ድረስ ወደ ፊተኛው ክፍል ቢዛወሩ ደስ ይለኛል። ቁም ሳጥኑንም ከግድግዳው ጋር ያስሩት፤ ከግድግዳ ቀድሞ ሕፃን ላይ የሚወድቀው እሱ ነው ይላሉ። እኔ ከሩቅ ሆኜ በትዝታዬ የሞላሁት ነውና በአካባቢያችሁ ያለ መሐንዲስ አንድ ቀን ጠርታችሁ አፈሩን አሳዩት። ለጋሼ ይህን ሁሉ ሲነግሩ እኔ አዘዝኩ አይበሉ፤ ታናሽ አማች ታላቁን አያዝም። ለመነ ይበሉ።

እኔም እመጣለሁ። የያዝኩት ሰፈር ምዝገባው እንዳለቀ ሥራዬን አስረክባለሁ፤ ለአለቃዬም ነግሬያለሁ። ለእኔ ክፍል አይጨነቁ፤ ከፊተኛው ክፍል ጥግ አንድ አልጋ የሚያህል ቦታ ይበቃኛል። ሶፍትዌሩ የጋሼን ማንኮራፋት አያሰላም፤ የመጣውን እችላለሁ። ላይ ቤት ብቻዬን ከምተኛ እናንተ ስትተነፍሱ እየሰማሁ ብተኛ ይሻለኛል፣ እትዬ። ብቻዬን መተኛትን ጠግቤዋለሁ።

እሁድ ለባለቤቴ ነገርኳት። ሣሩን ነቅዬ ስጨርስ «እህቴ ጋ ልሄድ ነው፤ በዓመት አንዴ እየመጣሁ አይሻለሁ» አልኳት። ዝም አለች። በሕይወት ሳለችም እሺ የምትለው ዝም ብላ ነበር።

ለጋሼ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ልጅዎን ግራና ቀኝ ጉንጯን ሳሙልኝ፤ ስለ ክፍሏ ጉዳይ እንዳትቀየመኝ ለምኑልኝ። ትልቁን ልጅ ጥርሱ በቅሎ እንደሆነ ጠይቁልኝ። ትንሿ፣ ወሬ አቀባይዋ፣ ሳትነግሩልኝ እንኳን እንደምትሰማ አውቃለሁ፤ አጠገቧ የሚተኛ ሽማግሌ አጎት እየመጣ ነውና ተረት ታዘጋጅ በሉልኝ። ጎረቤቶቻችንን በየደጃቸው ሰላም በሉልኝ። እርስዎን ደግሞ ጉልበትዎን ስሜ፣ ምርቃትዎን ለምኜ፣ ፈጣሪ ያቆይልኝ እላለሁ።

የሚወድዎ ታናሽ ወንድምዎ

ከኪራይ ቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር
የካቲት 9 ቀን ተጻፈ