አባትን በእግር ማሸት

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሌ፤

እንደምን ከርመሃል? ገላህስ፣ እንቅልፍህስ ደህና ነው? የሕንድ ሙቀት አልፈጀህም? እኛ ተመስገን፣ ከአባባ ጉልበትና ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ኔትወርክ ከጠፋ ስለሰነበተ ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የሳፊያ ልጅ አነስ ለትምህርት ወደዚያ ሲመጣ ይዞልህ ይመጣል።

ያን የላክኸውን ቪዲዮ አባባ አይተውታል። ካላሪ ወዳልኸው፣ መሬት ተቆፍሮ ወደተሠራው የዱላ ፍልሚያ ማሠልጠኛ ቀኝ እግርህን አስቀድመህ ስትገባ፣ የመምህርህን እግር ነክተህ ዱላ ስታነሣ ደስ አላቸው። ዱላውን ስትመክት ግን ሳቁ። «መመከቱንማ እኔው አስተምሬው አልነበር፣ ለዱላ ሕንድ ድረስ ይኬዳል ወይ?» አሉ።

ሊማሊሞ ላይ ከበቅሎ ከወደቁ ወዲህ ጉልበታቸው ብሶባቸዋል፤ ኪዳነምሕረትን እንኳ መሳለም ትተዋል። መምህርህ የተጎዳ ተማሪ ሲያሹ ገመድ ይዘው በእግራቸው እየረገጡ ነው ያልኸኝ ትዝ አለኝና ሞከርሁት። የሰሊጥ ዘይት አሙቄ ቀባኋቸው፤ በእጄ ሳሻቸው ዝም አሉ። ገመዱን ከጣሪያው እንጨት አስሬ እግሬን ላነሣ ስል ግን በዚያ ጉልበታቸው ዘለው ተነሡ። ልጅ አባቱን በእግሩ መንካቱ እርግማን መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ለመድኃኒት ከሆነ ይቅር ይባላል ብዬ ነው። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ሁለት ሰው ብቻ ባለበት ቤት አንዱ ሲያኮርፍ እንዴት እንደሚከብድ አንተ አታውቀውም።

ከዚያ የባሰብኝ ግን ያንተ ነገር ነው። መምህርህ ስላረጁ ካላሪውን ተረክበህ እዚያው እንድትቀር እንደጠየቁህ፣ አንተም የአባባን ምርቃት እንደምትጠብቅ ከነገርኸኝ በኋላ ሁለት ሳምንት ደበቅኋቸው። አልዋሽህም፣ ተቆጥቼብህ ነበር። እማማ ካረፈች ወዲህ ሲመሽ የማወራው ሰው የለኝም፤ ይመጣል እያልሁ ነው የኖርሁት። በመጨረሻ ነገርኋቸው። «መምህር አባት ነው፣ ሲያረጅ ጥሎት አይሂድ፣ ይጡረው» ብለው መረቁህ። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ።

ሳፊያ በጣም ሰላም ብላሃለች፤ አነስን አደራ ትልሃለች። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥበብም በጸሎታቸው አልረሱህም። ከቤታችን ሰላም የሚልህ የቀረው አባባ ብቻ ስለሆነ፣ ምን ብዬ ልጻፍልዎ አልኋቸው። ጉልበታቸውን በእጃቸው እያሹ፣ «አንድ ጊዜ መጥቶ ይርገጠኝ በይው» አሉኝ።

እህትህ እየሩስ
ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.