ቦምቦሊኖው ውስጥ የገባው ወተት

ረቡዕ፣ ሐምሌ 30

ቅቤው መጣ። ለጋ ነው፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ። የሠፈራችን ሴቶች የቅቤ ዕቁብ ተራዬ ለመስቀል ነበር፤ ለምኜ ወደ ዛሬ አስቀየርኩት። «ምን ገጥሞሽ ነው ታደለች?» ሲሉኝ «የወንድሜ ልጆች ሊመጡ ነው» አልኩ። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት፣ ያልሰማች እንዳትኖር።

ነገ ከሰዓት ይደርሳሉ። ወንድሜ ኤርሚያስ ለሥራ ወደ ዱራሜ ያልፋል፤ ልጆቹን እኔ ጋ ትቶ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ሲመለስ ይወስዳቸዋል። ሶስና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ናሆም ዘጠኝ፣ ማርያማዊት አምስት። እዚህ ቤት የመጡት አንዴ ብቻ ነው፣ እናታችን ያረፈች ጊዜ። ያውም ለአንድ ቀን፣ ለቀስተኛ መሐል። ፊታቸውን እንኳ በደንብ አላየሁም።

ፕሮግራም አወጣሁ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሠራ ሰው ያለ ፕሮግራም አይሆንለትም።

ሐሙስ፦ አታካና። ቡላው በወተትና በቅቤ። የመስቀል ምግባችን ነው፣ ግን ማን ከለከለኝ።
ዓርብ፦ ጨጨብሳ በቅቤና በማር። ገበጣ ጨዋታ።
ቅዳሜ፦ የዕንቁላል ኬክ። ዝናቡ ከተወ የፈረስ ጋሪ።
እሑድ፦ ከእኔ ጋር ቸርች፣ ከዚያ እርጎ በስኳር።

ከወደዱት በየክረምቱ ይመጣሉ። ካልወደዱት ስምንት ቀን ነው፣ አለቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እዚህ ቤት ከእኔ ሌላ ያደረ ሰው የለም። ሬዲዮ ከፍቼ የምተኛው ዜና ወድጄ አይደለም።

እናታቸውን ሰላማዊትን በዕድሜዬ ያገኘኋት ሁለት ጊዜ ነው። ለሠርጋቸው አዲስ አበባ አልሄድኩም። ታምሜ ነበር።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 1

መናኸሪያ ሁለት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። ትኬት የሚሸጡት ልጆች ሦስት ጊዜ «እማማ፣ አዲስ አበባ ነው?» አሉኝ። «ሰው ልቀበል ነው» አልኩ። እንዲህ ብዬ ካወቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

መጡ። ሶስና በቁመት ልትበልጠኝ ምንም አልቀራት። ናሆም እጁን ዘርግቶ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጠኝ። ማርያማዊት ተኝታ ስለነበር አዝዬ ነው ያመጣኋት፣ ወገቤ አሁንም ያመኛል፣ ደስ ይላል። ኤርሚያስ ቡና እንኳ ሳይቀምስ የዱራሜ መኪና እንዳያመልጠው ብሎ ሄደ።

ከዚያ አታካናውን አቀረብኩ። ቅቤው ላዩ ላይ ተኝቶ ያበራል። ሶስና አየችው፣ ወደ ናሆም ዞረች፣ ከዚያ ለታመመ ሰው እንደሚነገር ቀስ ብላ «አክስቴ፣ ጾም ነው እኮ። ዛሬ ፍልሰታ ገባ» አለችኝ።

ፍልሰታን የማላውቅ ሆኜ አይደለም። ግን እኛ የጴንጤ ቤት ልጆች ነን፤ ነሐሴ ለእኔ ዝናብና በቆሎ እሸት ነው። ልጆቹ በእናታቸው መንገድ ኦርቶዶክስ ሆነው ማደጋቸውን አውቃለሁ። ይጾማሉ ወይ ብዬ ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። ለኤርሚያስ ደወልኩለት። «ውይ፣ ረስቼው» አለ። አይ ኤርሚያስ።

«እኔ አልጾምም፣ አምስት ዓመቴ ነው» አለች ማርያማዊት፣ እስከ ክርኗ ገባችበት። አታካናውን የበላነው እኔና እሷ ነን። ለትልልቆቹ ድንች ቀቀልኩላቸው። በፕሮግራሜ ላይ ድንች የሚል ነገር አልነበረም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 2

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ገበጣውን ሁለት ዙር ተጫወትን፣ ሶስና ሁለቱንም አሸነፈችኝ፣ ከዚያ ሰለቻቸው። ናሆም «ዋይፋይ የለም?» አለ። የለም። ጨጨብሳውን በዘይት ሠራሁት፤ ደረቀብኝ፤ አመስግነው ግማሹን ተዉት። ምስጋናቸው ነው የባሰብኝ፣ እንግዳ ቤት እንደሄደ ሰው።

ከሰዓት ልብስ ሳጣጥፍ ናሆም እህቱን በሹክሹክታ «ስንት ቀን ቀረን?» ሲላት ሰማሁት።

ጓዳ ገባሁና ቦምቦሊኖ ላቦካ ተነሣሁ። ትምህርት ቤት ሳለሁ በበዓል ቀን የኔን ቦምቦሊኖ የማይሻማ መምህር አልነበረም። ጠበስኩት፣ ስኳር ነሰነስኩበት። ቤቱ እንዴት ደመቀ! ናሆም ስድስት በላ። ሶስና ሦስተኛውን ይዛ «አክስቴ፣ ይሄን እኮ ልትሸጪው ትችያለሽ» አለች። የመጀመሪያ ሳቋ ነው። ይኼኔ ማርያማዊት፣ አፏ ስኳር ብቻ ሆኖ፣ «ወተቱን እኔ ነኝ ያቀበልኳት» አለች።

ሶስና የያዘችውን ሳህን ላይ መለሰችው። ወጥታ አፏን ታጥባ ታጥባ አልበቃ አላት። ለካ እሑድ ልትቆርብ አስባ ኖሯል፣ ለእናቷም ቃል ገብታለች፣ ነጠላዋን ሻንጣዋ ውስጥ አጣጥፋ ነው የመጣችው። አለቀሰች። ለእናቷ ደወለች፣ በሩን ዘግታ።

ወተቱን የጨመርኩት ረስቼ ነው። እጄ ለምዶ ነው።

ኤርሚያስ ደወለ። «ነገ ከሰዓት መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ እህቴ አትቀየሚ» አለ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3

አልረሳሁም።

ትናንት የጻፍኩት ውሸት ነው። ወተቱን ከማፍሰሴ በፊት ሶስና በሩ ላይ እንዳትሆን ዞሬ አይቻለሁ። የረሳ ሰው ዞሮ አያይም። ማርያማዊትን ሰው ብዬ አልቆጠርኳትም፣ ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።

ለምን አደረግሁት? ቅቤዬን እምቢ ስላሉኝ ተናድጄ ነበር። እግዚአብሔር የሕፃን ወተት ይቆጥራል ወይ ብዬም በልቤ ተመጻድቄአለሁ። ደግሞ ያለ ወተት አይለሰልስም፣ እንዲጣፍጣቸው ፈለግሁ፣ ናሆም ቀን መቁጠሩን እንዲተው። ከሦስቱ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ማንም ሰው ይሄን ደብተር አያነበውም፤ እዚህም ላይ መዋሸቴ ነው የገረመኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ለሰላማዊት ደወልኩ። በእጄ ቁጥሯን ስመታ የመጀመሪያዬ ነው።

«እትዬ ታደለች፣ ደህና አደሩ?» አለች። ቀዝቃዛ ድምፅ።

«ወተቱን አውቄ ነው የጨመርኩት» አልኳት። ሌላ መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፣ ጠፋብኝ።

«ለሠርጌም ሲቀሩ ታምሜ ነው ብለው ነበር» አለች።

«አልታመምኩም ነበር።»

«አውቄ ነበር» አለች። «ከአልጋ ሳይነሡ ቀሩ ተብሎ በዚያው ቅዳሜ ገበያ ያየዎት ሰው ነግሮናል። አሥራ ሦስት ዓመት አንጀቴን ያሳረረኝ መቅረትዎ አይደለም፣ ሞኝ አድርገው መቁጠርዎ ነው።» ከዚያ «ለእኔ ሳይሆን ለሶስና ይንገሯት» ብላ ዘጋችው።

ሶስና ሻንጣዋን ሸክፋ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። ነገርኳት።

«ሆን ብለሽ?»
«ሆን ብዬ።»
«ለምን?»
«እንድትወዱኝ።»
«በወተት?» አለች።

ሳቄ አመለጠኝ። እሷ አልሳቀችም። ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ይቅርታ ጠየቅኋት፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ ሰበብ ሳልጨምር። «ሳናውቅ ስለበላን ኃጢአቱ የኛ አይደለም፣ ያንቺ ነው መሰለኝ» አለች። «የኔ ይሁን» አልኩ። ያ ደስ አሰኛት።

ስምንት ሰዓት ላይ ሰላማዊት መልሳ ደወለች። የንስሐ አባታቸውን ጠይቃለች፤ ልጆቹ ሳያውቁ ስለሆነ እሑድ ይቁረቡ ብለዋል። ለኤርሚያስም «አትምጣ፣ ተዋቸው» ብላዋለች። ለምን እንደዚያ እንዳለችው አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ጎሕ ሲቀድ በባጃጅ ቤተ ክርስቲያን አደረስኳቸው። ሦስቱም ነጠላ ለብሰዋል፣ ምንም አልቀመሱም፣ ናሆም እንቅልፉን ሳይጨርስ እየተደናቀፈ። ሶስና ሁለቱን እጅ ለእጅ ይዛ ገባች። እኔ ከበሩ ውጪ ጃንጥላዬን ዘርግቼ ቆምኩ። ዝናቡ ጎርፍ ሆነ፣ ጫማዬ በሰበሰ። መሄድ እችል ነበር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቤት ሆኜ ብመለስ ማንም አይወቅሰኝም። አልሄድኩም።

ከእኛ ቸርች መዘምራን አንዷ በዚያ ስታልፍ አየችኝ። «ታደለች! ዛሬ ወደኛ አትመጪም እንዴ? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልጆቼን እየጠበቅሁ ነው» አልኩ።

የወንድሜን ልጆች ማለት ነበረብኝ። አላስተካከልኩትም። አሁን በሠፈሩ ሁሉ ስትናገረው ትውላለች፣ ትናገር።

ሲወጡ ቆርበው አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል፣ ማውራት የለም። ናሆም ዓይኑ ብቻ ይታያል። በዝምታ ተያይዘን ሄድን። ማርያማዊት የኔን እጅ ያዘች።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

የድሮውን ፕሮግራም ቀድጄ ጣልኩ። ማዶ ያለችውን ባለሱቅ ዘሃራን አማከርኳት። ሙስሊሟ ዘሃራ ለጴንጤዋ ለእኔ የኦርቶዶክስ ልጆች ምን እንደሚበሉ ቆማ ታስረዳኛለች፤ «ሰላሳ ዓመት የጾመኛ ደንበኛ ሳስተናግድ ምን ስሠራ የኖርኩ መሰለሽ?» ትላለች። አዲሱ፦

ዳቦ ቆሎ፣ በዘይት፣ ትንሽ ስኳር፣ ትንሽ በርበሬ።
ለውዝ በተቃጠለ ስኳር።
በቆሎ እሸት፣ ከሰል ላይ።
ሳምቡሳ በምስር።
ቦምቦሊኖ በውኃ። (ሶስና ከጎኔ ቆማ።)

ዳቦ ቆሎውን አራታችን ሠራነው። ሊጡን እንደ ገመድ እያድበለበልን በቢላ መቁረጥ ነው። ናሆም በሊጡ ስሙን ጻፈ፣ «ሆ»ው ተቃጠለ፣ እያለቀሰ በላው። በውኃ የተቦካው ቦምቦሊኖም ለሰለሰ። ሠላሳ ዓመት ወተቴን በከንቱ ሳፈስ ኖሬአለሁ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7

ፀሐይ! የፈረስ ጋሪ ተኮናትረን ወደ ሌሞ ገጠር ወጣን። ባለጋሪው ለናሆም ልጓሙን አስያዘው። መንኮራኩሩ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፣ ወርደን ገፋን፣ ሶስና እስከ ጉልበቷ ገባች፣ እኔም። አንድ እግር ጫማዬ እዚያው ቀረ። ልጆቹ እስኪያማቸው ሳቁብኝ። እንሰት መሐል ተቀምጠን ቆጮ በዘይትና በሚጥሚጣ በላን። ናሆም መጀመሪያ አፍንጫውን ያዘ፣ ከዚያ የማርያማዊትን ድርሻ ጨመረ።

ማታ ሲተኙ ዛሬ ቀን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። አንድ ሙሉ ቀን ቀረኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ሄዱ።

ናሆም ከማርያማዊት ጋር በመስኮት በኩል ማን ይቀመጥ ብለው ሲጣሉ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ሳይሰናበተኝ ቀረ። ሶስና ብቻ እጇን አውለበለበች። ኤርሚያስ «በሉ አክስታችሁን ቻው በሏት» ሲል አፉን አየሁ እንጂ ድምፁን አልሰማሁም።

ከመናኸሪያ በእግሬ ተመለስኩ። አንሶላ አጠብኩ። ሦስት ብርድ ልብስ አጣጠፍኩ። ከአልጋ ሥር የማርያማዊትን አንድ ካልሲ አገኘሁና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለማን ብዬ እደብቃለሁ። ስምንት ቀን ምን አላት። አሁን ደግሞ ቤቱ ከበፊቱ ይሰፋል። በሚቀጥለው ክረምት መምጣታቸውን ማንም አልተናገረም። እኔም አፍሬ አልጠየቅሁም፤ ያን ሥራ ሠርቶ ደግሞ ስጡኝ ይባላል?

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። ኤርሚያስ ነው ብዬ ነበር። ሰላማዊት ናት።

በሰላም መግባታቸውን ልትነግረኝ መሰለኝ። እሱንም ነገረችኝ። ናሆም ስለ ፈረሱ ብቻ እንደሚያወራ፣ ማርያማዊት ሌሊቱን በሳል እንዳደረች፣ ሶስና «አክስቴ ስታጠፋ ትናገራለች» እንዳለቻት። ይሄን ስትል ትንሽ ሳቀች። እኔም «ለሳሏ ዝንጅብል አፍልተሽ ስጪያት» አልኩ።

ከዚያ «እርስዎስ መቼ ነው የሚመጡት?» አለችኝ።

«የት?»

«እኛ ቤት ነዋ። ጾሙ ሲፈታ አብረውን ይዋሉ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልጆቹ ይምጡልኝ እያልኩ ስምንት ቀን ስመኝ፣ ነይ ሊለኝ የሚችል ሰው ይኖራል ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ኤርሚያስ ለምኗት እንደሆነ ጠየቅኋት። «ገና አልነገርኩትም» አለች።

ሰበብ ፈለግሁ። ጉልበቴን ያመኛል ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያው ለሠርጉ ያልኩት ዓይነት ስለሆነ ዋጥኩት። እውነቱን ነገርኳት። «ከተማውን አላውቀውም፣ እፈራለሁ። ከአውቶቡስ ስወርድ ማን ይቀበለኛል?»

«እኔ» አለች።