ሲስተር አክዌሌ ኖርቴይ እና የአራት ዓመቱ ቅጣት

ሲስተር አክዌሌ ኖርቴይ ከዓሣ አጥማጁ አባታቸው ከአታ ኖርቴይና ጭስ የጠገበ ዓሣ ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው ከናአ ሾርሜ እ.ኤ.አ. በ1952 በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ ቡኮም ሰፈር ተወለዱ። ይህን ጽፌ የማነብላችሁ መንታ እህታቸው አኩኦኮ ነኝ።

በ1974 የነርስነት ትምህርታቸውን አጠናቀው ሥራ ጀመሩ። በ1979 ከወደብ መካኒኩ ከአቶ ኦዳይ ላርዬ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ሴቶችና ኦዳርቴ የተባለ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ቡኮም ተወልዶ ከቦክስ መራቅ አይቻልምና፣ በጠረፍ ቦክስ ማኅበር ግጥሚያዎች ላይ የተጎዱትን ያክሙ ነበር። በ2003 የጎረቤታችን ልጅ ከመድረክ ሲወርድ እጃቸው ላይ ሞተ። አሸናፊው ጉልበት የሚሰጥ መርፌ ተወግቶ መግባቱን ራሱ በየመጠጥ ቤቱ ፎከረበት፤ የጠየቀው ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲያ እህቴ «ቦክሰኞች የአበረታች መድኃኒት ምርመራ ይደረግላቸው» ብለው ያላንኳኩት በር የለም። ስብሰባ ይጠራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይበተናል። የማኅበሩ ሹማምንትም «ሲስተር፣ የሰው ሽንት ምን አሳሰበሽ?» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

«የሰው ሬሳ አሳስቦኝ ነው» ይሏቸው ነበር።

በ2011 ድንገተኛ ምርመራ ተፈቀደ፤ አበረታች መድኃኒት ለወሰደ ቦክሰኛ የነበረው የሦስት ወር እገዳም አራት ዓመት ሆነ። በ2013 በምርመራው መድኃኒቱ የተገኘበት የመጀመሪያው ቦክሰኛ ኦዳርቴ ሆነ። የማኅበሩ የቅጣት ኮሚቴ አባል የነበሩት ሲስተር ልጃቸው ስለሆነ ድምፅ ሳይሰጡ ሊወጡ ሲነሱ ሰብሳቢው «ለእርስዎ ስንል ስድስት ወር እናድርገው፤ ማን ያውቃል?» አላቸው።

«ለጎረቤት ልጅ ሲሆን አራት ዓመት፣ ለእኔ ልጅ ሲሆን ስድስት ወር? አፍሩ እንጂ!» ብለው በሩን ዘግተው ወጡ።

አራት ዓመት ተፈረደ። ሰፈሩ «ልጇን የበላች» አላቸው። ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል የምትሸጠው ሴት እንኳ ፊት ነሳቻቸው። ኦዳርቴ «እናት የለኝም» ብሎ ወደ ወደብ ከተማዋ ቴማ ሄደ፤ ጀልባ ላይ ተቀጠረ። ቅጣቱን ጨርሶ ሲመለስ ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ አንድ ጊዜ ተጋጥሞ ተሸነፈ። በዚያው ምሽት ቅንድቡ ተተርትሮ በራቸው ላይ ቆመ። አስገቡትና መስፋት ጀመሩ።

«እማ፣ አሁንም ልክ ነበርኩ ትያለሽ?»

«አዎ። አትነቃነቅ።»

ከዚያ ወዲህ ልጁ ከቤታቸው አልራቀም፤ መጨቃጨቃቸውንም አልተዉም። በ2021 ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ሲል እያቀፈ ገላቸውን የሚያጥባቸው እሱ ነበር። መጋቢት 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተዋል።

የቦክስ ማኅበሩ ዛሬ የላከው የአበባ ጉንጉን «የስፖርታችን እናት» ይላል። ባለፈው ወር ግን ቅጣቱን ወደ ሦስት ወር የሚመልስ ረቂቅ አቅርቧል፤ ያረቀቁትም እነሆ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቤተሰቡ አበባውን ተቀብሏል። ረቂቁን ይዘውት ይመለሱ።

እግዚአብሔር የእህቴን ነፍስ አንድን ነገር ሁለቴ ማስረዳት በማያስፈልግበት ስፍራ ያሳርፍልን።