በታኅሣሥ ፀሐይ ስለተመረመረው የወላዶች ክፍል ጣራ

ነሐሴ ፳፬ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.
ለክቡር የሕንፃ ሥራ መርማሪ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተ ሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ማኅተምዎስ ደኅና ናቸው? ከአንኮበር ወዲህ ባለችው የመንገድ ዳር ክሊኒክ የምንገኝ ሠራተኞችና ሕሙማን ክረምቱን በእግዚአብሔር ቸርነትና በአሥራ አንድ ባልዲ እዚህ አድርሰነዋል።

እኔ የክሊኒኩ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና ስብራት አሳሪው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈውና አንዱን ቅጂ በበራችን ላይ የምለጥፈው፣ ከዚህ በፊት የላክሁልዎ ሦስት ምስጢራዊ ደብዳቤዎች ምስጢርነታቸው እስከ ዛሬ እጅግ በሚያስመሰግን ሁኔታ ስለተጠበቀ ነው፤ የከፈታቸው ያለ አይመስልም።

፩ኛ. ምስጋናዬ ካለፈው ኅዳር ይጀምራል። የወላዶች ክፍል ሲሠራ ጣራው ቆርቆሮ እንዲሆን ብንለምንም፣ እርስዎ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ካትራሜ የሚሉትን ጥቁር ቅጥራን የጠጣና ጠጠር የተነሰነሰበት የክዳን ቅርፊት በመኪና አስጭነው አመጡልን። ይህ ቅርፊት አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ በሚስማር የሚመታ ስለሆነ፣ ውሃው እንዲንሸራተትበት ቁልቁለት ይፈልጋል። የእኛ ጣራ ግን በፕላንዎ መሠረት ለአንድ ክንድ ሁለት ጣት እንኳ የማይወርድ፣ ሽንብራ ቢያሰጡበት የማይንከባለል ነበር። አናጢው ወልደተንሣኤ በአንኮበርና በሰላ ድንጋይ ሠላሳ ዓመት ቤት ሲከድን የኖረ ሰው ነውና፣ ሳንቃው ላይ አንድ ማሰሮ ውሃ አፍስሶ በትሕትና ጠራዎት። ውሃው እዚያው ተኛ። «ጌታዬ፣ ይህ ቅርፊት እዚህ ላይ አይሆንም። ውሃ መውረጃ ካጣ ወደ ኋላ ተመልሶ በመደራረቢያው ሥር ይገባል» አለ። እርስዎም «ይህ የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ ሥራውን ያውቃል» አሉት። «ዕቃው የፈረንጅ ቢሆንም ዝናቡ የአንኮበር ነው» ብሎ በመመለሱ፣ በዚያው ዕለት በፊርማዎና በማኅተምዎ አሰናበቱት። አንድ ቅርፊት ሳይመታ መሰላሉን ወርዶ ሄደ፤ ሥራውን ሌሎች ጨረሱት።

፪ኛ. ጣራው ውሃ ማስገባት አለማስገባቱን ለመመርመር ታኅሣሥን መምረጥዎ ጥልቅ ጥበብዎን ያሳያል። ከመኪናዎ ሳይወርዱ አንገትዎን በመስኮት ብቅ አድርገው ወደ ላይ ተመለከቱ። እኔም መሰላል አቅርቤ «ወጥተው ሚስማሩንና መደራረቢያውን ቢያዩት» ብልዎ፣ «ከዚህም ይታየኛል» አሉኝ። ሳያዩ የሚያምኑ ብፁዓን ናቸውና በረከትዎ ይደርብን። በምስክር ወረቀቱ ላይ «አንድም ጠብታ አላገኘሁም» ብለው መጻፍዎ ፍጹም እውነት ነው፤ በዚያ ወር ሰማዩ ራሱ አንድ ጠብታ አልነበረውም።

፫ኛ. ሐምሌ ፲፱ ቀን ከቀትር በኋላ ዝናቡ መጣ። ነፋሱ ከገደሉ ሽቅብ እየነፈሰ ቅርፊቱን እንደ መጽሐፍ ቅጠል ገለጠው፤ የተኛው ውሃም በየሚስማሩ ቀዳዳ እየወረደ ኮርኒሱ ላይ ተጠራቀመ። ኮርኒሱ እንደ ሞላ አቁማዳ ሲወጠር አይተን ወላዶቹን ማውጣት እንደጀመርን ከነእንጨቱ ወረደ። ይመኙሻል የምትባል የገበሬ ሚስት ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ልጇን ከሥሯ አድርጋ እንጨቱን በጀርባዋ ተቀበለችው። ሕፃኗን ምንም አልነካትም፤ የእናቲቱ ትከሻ ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ። ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ሳስራት አላለቀሰችም። «ልጄን በየትኛው እጄ ልያዛት?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ።

፬ኛ. ጣራውን ለማየት ሰዓት ያጣው መሥሪያ ቤትዎ ጥፋተኛ ለመፈለግ ግን ሳምንት አልፈጀበትም። «ጥፋቱ የአናጢው የሚስማር አመታት ነው» ብለው ጽፈው ወልደተንሣኤን አሳሰሩት። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ባልመታው ሚስማር ደብረ ብርሃን ላይ አሥራ ስድስት ቀን ታሰረ። እዚያው ከተማ አርፋ ጠዋት ጠዋት ስንቅ ይዛ የምትሄደው ሚስቱ ወለተሐና ናት፤ ዘበኞቹ «ቤት ያፈረሰው ሰውዬ ሚስት መጣች» እያሉ ነበር በር የሚከፍቱላት። እዚህ ላይ የትሕትና ቃል እያለቀብኝ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያስፈታውም ሌላ አይደለም፣ እርስዎ ነዎት። ወለተሐና ያን የስንብት ወረቀት በሳጥኗ ውስጥ አስቀምጣው ኖሮ ዳኛው ፊት ዘረጋችው። ዳኛውም ሰውየው የመጀመሪያው ቅርፊት ከመመታቱ ዘጠኝ ቀን በፊት መባረሩን አነበቡ፤ ማኅተምዎን አገላብጠው አዩና ለቀቁት። ሰው ሲያባርሩ ቀኑን ሳይረሱ ስለሚጽፉ ከልብ እናመሰግናለን።

ቁጥሩን ከዚህ በላይ አልገፋም። ትናንት የደረሰን ደብዳቤዎ ክፍሉ በዚያው ቅርፊት እንዲጠገንና በመጪው ታኅሣሥ እንዲመረመር ያዛል። አይሆንም። ይህን ቃል በአክብሮት ላስረዝመው ሞክሬ አልቻልኩም። ወልደተንሣኤ ከእስር በወጣ በአራተኛው ቀን ያለማንም ትእዛዝ መጥቶ ውሃ እንዲወርድበት ጣራውን ሽቅብ አቆመው። የይመኙሻል ባል ለገዛ ቤቱ ያከማቸውን የክዳን ሳር በአህያ ጭኖ አመጣ፤ ጣራውም በእርሱ ተከደነ። ነሐሴ ፳፩ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲዘንብ ዋለ፤ ወላዶቹ በደረቅ አልጋ ላይ ተኝተው ድምፁን ሰሙት።

ከእርስዎ የምንሻው ሁለት ነገር ነው። ወልደተንሣኤን ባሳሰሩበት ከተማ፣ ሰው ሁሉ በሚሰማበት፣ ይቅርታ ይጠይቁት። ይመኙሻልን ደግሞ መጥተው ዓይን ዓይኗን እያዩ ያነጋግሯት።

ከመሬት ሆኖ ከፍ ያለውን ሁሉ የሚመረምር ዓይንዎን ከጉም፣ ጫማዎን ከጭቃ፣ እጅዎንም ከሥራ እግዚአብሔር እንዲጠብቅልን እየለመንሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ ታዛዥዎ፣

ብርሃነ መስቀል ወልደ ሰንበት
የክሊኒኩ ድሬሰር

በኅዳጉ፦ ከጣራው ያወረድነው ቅርፊት የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ጉዳት እንዳይደርስበት አጥብቀው አዝዘዋል። ስለዚህ ነገር ሐሳብ አይግባዎ፤ ዝናብ እንዳይነካው ሳር ቤት ውስጥ አስገብተነዋል።